በነሐሴ የሚጣፍጥ ጉድጓድ

መሳፍንት ከገዛ ጉድጓዱ የወጣው በመንጠቆ ነው። የዳንግላን ግማሽ ጉድጓድ የቆፈሩት ሽማግሌ፣ አቶ ውዱ፣ የጠፋ ባልዲ የሚያወጡበትን ባለ ሦስት ጥፍር መንጠቆ በገመድ ሰደዱና ቀበቶው ላይ ሰኩት፤ የሰፈሩ ወንዶች እየተቀባበሉ ጎተቱት። አንገቱ ላይ የታሰረው የእጅ ባትሪ አሁንም ይበራል። ሬሳው ብቅ ሲል የጮኸ ሰው አልነበረም። ሚስቱ እታለማሁ እንኳ አልጮኸችም። እጇ ላይ የነበረውን ዱቄት በቀሚሷ ጠረገች፣ ባሏን አየችው፣ ከዚያ «አንዱ ጫማው የለም» አለች። 

ግንባሩ ላይ ድንጋይ የመታው ቁስል ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ ግን ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። በዚያች ውኃ ሰው ሰጠመ ቢባል ዳንግላ እንኳ አታምንም፤ ዳንግላ ደግሞ ብዙ ታምናለች። አምና አንዲት በቅሎ ባሕር ዳር ገብታ ለጌታዋ ስልክ ደወለች ሲባል፣ ሰው ሁሉ የጠየቀው በማን ካርድ እንደደወለች ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሰው ካልሰጠመ ተገድሏል ተባለ፤ ገዳይ ፍለጋም ሩቅ አልተኬደም። ገመዱን ይዞ የነበረው የእታለማሁ ታናሽ ወንድም አስማረ ነው። አስማረ ባጃጅ ነጂ ነው። በጥር በዓል የመሳፍንትን ቀይ ፈረስ ለምኖ ወስዶ፣ ከአገር ፈረሰኛ ጋር እሽቅድምድም ገጥሞ፣ የፈረሱን እግር ሰብሮ መለሰለት፤ ፈረሱም ሞተ። መሳፍንት ከዚያ ወዲህ አላናገረውም። የታረቁት መሳፍንት በሞተበት ቀን ጠዋት ነው፤ ያውም ጉድጓድ ለመጥረግ ገመድ ያዥ ስለጠፋ። ጎረቤት ደግሞ አስማረን ከግቢው እየሮጠ ሲወጣ አይቶታል። ሳጅን ምንይችል በሥራ ዘመኑ ይህን ያህል ማስረጃ በአንድ ጊዜ ደርሶት ስለማያውቅ ልጁን ሬሳው ገና ሳይወጣ ጣቢያ አስገብቶት ነበር። ሰኞ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ነው። ከዚያ በፊት ግን መርማሪ ከዞኑ ከተማ ከቆሰበር መጥቶ ማየት ነበረበት።

ኢንስፔክተር እንቁ የመጣችው በሚኒባስ ነው። ሚኒባሱ ሰው፣ በግ፣ ፍራሽና አንድ ሙሉ የቆርቆሮ በር ጭኖ ነበር። የቆርቆሮው በር ከመኪናው በር ስለሚሻል ተሳፋሪው በእሱ ከፍቶ ወረደ የሚሉ አሉ። እንቁ አጭር ሴት ናት። ደስታም ንገሯት ኀዘን ፊቷ አይለወጥም፤ እንደ ፖስታ ቤት መስኮት የሰጧትን ተቀብላ ዝም ነው።

«ሬሳውን አዩት፣ ኢንስፔክተር?» አለ ሳጅን ምንይችል።

«ሐኪም ቤት ደርሼ አየሁት። ሳንባው ውስጥ ውኃ የለም። የግንባሩም ቁስል ቆዳ ነው እንጂ አጥንት አልነካም። ልብሱ ግን ቤንዚን ይሸታል።»

«እሱማ የአስማረ እጅ ነው። ባጃጅ ነጂ የነካው ሁሉ ቤንዚን ይሸታል። እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ሄጄ ሚስቴ አልጋ ከለከለችኝ።»

«የሚሸተው የረጠበው ጎኑ ነው፤ የተኛበት። ደረቁ ጎን አይሸትም። አስማረ ግማሹን ሰውዬ ብቻ ነው የነካው?»

ሳጅኑ አሰበ። ማሰቡ ረዘም አለ። «ሬሳው ሲወጣ አስማረ እኔ ጋ ታስሮ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያ እጁ ረጅም ነው።»

አስማረ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ሲያናግሩት ይመልሳል፤ ሲተዉት ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

«ገመዱን ማን ነው ያሰረለት?»

«ራሱ። እኔን አላመነኝም።»

«ከወረደ በኋላ ምን አለ?»

«መጀመሪያ ደለሉን በባልዲ ላከልኝ። ሁለት ሦስቴ። ከዚያ ሳቀ።»

«ምን አስቆት?»

«እኔ ምን አውቄ? ሳቀ፣ ከዚያ ዘፈነ። መሳፍንት በሠርጉ ቀን ዝፈን ሲሉት ጥርሴን ያመኛል ያለ ሰው ነው። የፈረሱን ስም እየጠራ ያቆላምጠዋል። በእኔ የሚያሾፍ መሰለኝና ተናደድኩ። ገመዱን ግንዱ ላይ አስሬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።»

«ብዙ ተቀመጥክ?»

«ኩርፊያዬ እስኪበርድ።» ግድግዳውን አየ። «ከዚያ ዝም አለ። ጠራሁት። ገመዱን ስስበው ቀለለኝ፤ ከወገቡ ፈትቶታል። ሮጥኩ። ሰው ልጠራ ነው የሮጥኩት፣ ኢንስፔክተር። ሰው ሲጠራም እኮ ይሮጣል።»

«ሳይወርድ እሳት አልላካችሁም?»

በዳንግላ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ እሳት ይልካል። ጧፍ ለኩሶ፣ ጣሳ ውስጥ አቁሞ፣ በገመድ እስከ ታች ያወርዳል። ጧፉ እየበራ ከቆየ ሰው ይወርዳል፤ ከጠፋ ያን ቀን ሥራ የለም። ምክንያቱን ሁሉም ለየራሱ ይናገራል፤ እሳት ሳይልክ የሚወርድ ግን የለም።

«ልንልክ ነበር» አለ አስማረ። «ጧፉን ለኩሰን ጣሳው ላይ አቁመነዋል። ጋሽ ደሴ ከአጥሩ ማዶ አየንና 'ተዉ፣ ተዉ' እያለ መጣ። 'በዚህ ዘመን ደግሞ ጧፍ' ብሎ አዲሱን ባትሪውን ሰጠን። ራሱ ነው መሳፍንት አንገት ላይ ያሰረለት። ደግ ሰው ነው።»

«በበሩ ዞሮ መጣ?»

«አጥሩን ዘሎ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስልሳ ይሆነዋል። ሆድም አለው። ቀሚስ እንጂ ሱሪ አይበቃውም እያልን እንስቃለን።»

«ጧፉስ?»

«እሱ እፍ አለው።»

እንቁ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ አስማረ «ሰኞ እህቴ ፍርድ ቤት እንዳትመጣ ይንገሩልኝ። ባሏን ቀብራ እኔ ስከሰስ እንዳታይ» አላት። 

በቀብሩ ማግስት እንቁ ስትደርስ የመሳፍንት ግቢ ድንኳን ተጥሎበታል። ድንኳኑን ያስመጣው፣ አግዳሚውን የደረደረው፣ ለለቀስተኛው ንፍሮ ያስቀቀለው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደሴ ነው። የመሳፍንት ጎረቤት ነው፤ ቤቱ ከላይ በኩል፣ ዳገቱ ላይ ነው። የቤት ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ቀብሩ ላይ ሬሳውን ከፊት የተሸከመውም እሱ ነው።

እታለማሁ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች። ሰው እጇን ይጨብጣል፣ እሷም ትጨብጣለች፤ የሚጨበጠው እጅ የሌላ ሰው ይመስላል። እንቁ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስለ ውኃው ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«በነሐሴ ይጣፍጣል፣ በግንቦት ይሸታል። ካቻምና ነው የጀመረው። ላምባ ላምባ አለ፤ ዝናብ ሲገባ ተወው። በዘንድሮው በጋ ባሰበት። የምንጠጣውን ከቦኖ ነው የምቀዳው። ይኸኛው ለልብስ ነው።»

«አላስመረመራችሁትም?»

«መሳፍንት አመልክቶ ባለሙያ መጣ። በብልቃጥ ወሰደ። ንጹሕ ነው አለን።»

«መቼ ነበር?»

«አምና ነሐሴ። ጉድጓዱ ሞልቶ ጎንበስ ብለን በጣሳ እንቀዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ይሸታል ስንል ሰው ሳቀብን። ንጹሕ የተባለ ውኃ እንዴት ይሸታል? ዝናቡም መስከረም ሳይጠባ ተቋረጠ፤ ውኃው እየሸሸ እየሸሸ እዚያ ወለሉ ላይ ደረሰ። መሳፍንት 'የሚሸተው ደለሉ ነው፤ እንዲህ ሲርቅ አጥልቄ ልጥረገው' አለ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አስማረ ላይ ይፈርዱበታል?»

«አላውቅም።»

«እድሩ ለአንድ ሞት ነው ድንኳን የሚሰጠው» አለች እታለማሁ። «የሁለቱን እዚሁ ላልቅስ ብዬ ነው የጠየቅኩ።»

እንቁ ከአንዲት ለቀስተኛ መስታወት ተዋሰችና ወደ ጉድጓዱ ሄደች። ቀትር ነበር። ፀሐይዋን በመስታወቱ ያዘችና ወደ ታች መለሰቻት፤ ጉድጓዱ እስከ ወለሉ በራ። ግድግዳው ከላይ ቀይ አፈር ነው፤ ውኃ በክረምት የሚደርስበት ላይ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ከዚያ በታች፣ ወደ ወለሉ ሲቃረብ፣ አፈሩ ጠቁሯል፤ ቅባት እንደ ጠጣ ጨርቅ ያብለጨልጫል። ጥቁረቱ በሁሉም ጎን አይደለም። ወደ ደሴ ቤት ባለው ጎን ነው ወፍሮ የሚወርደው። አጥሩ ስር የተተከለው ጌሾም በዚያው ትይዩ ደርቋል፤ የቀረው ግን በዚያ ድርቅ እንኳ አረንጓዴ ነው።

አቶ ውዱ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

«ምን ታያለሽ ልጄ? እኔ ይህን ጉድጓድ ስቆፍር ከታች የጎንደር ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

«ምን ይላሉ፣ አባባ?»

«ስለ እኛ ነው የሚያወሩት። አያመሰግኑንም።»

«መሳፍንትን 'ጉድጓዱ ይዋጥህ' ብለውታል ሲሉ ሰማሁ።»

«ብያለሁ። ሁልጊዜ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ ራሴ እጠርጋለሁ ሲለኝ ተናደድኩ። ግን ለማን የማልለው አለ? ትናንት ለፍየሌ ብያታለሁ፤ ይኸው ቅጠሌን ትበላለች።»

«እሳት የሚልኩት ለምንድን ነው?»

«የጉድጓዱ ባለቤት ቤት መኖሩን ለማወቅ ነዋ። ካለ እፍ ይለዋል፤ እኔም እመለሳለሁ። ሰው ቤት ሳያንኳኩ አይገባም።»

«ለጋሽ ደሴስ ቆፍረውለት ያውቃሉ?»

«ካቻምና፣ በበጋ። እዚያ አጥሩ ስር ሰፊ ጉድጓድ፤ አንድ ጋሪ ከነፈረሱ የሚውጥ። ሽንት ቤት ነው አለኝ። በወሩ ሳልፍ ባየው አፈር መልሶበታል፤ እስከ ዛሬ ሽንት ቤት አልተሠራበትም። ደግ ሰው ነው፤ አይሸናም ማለት ነው።»

እንቁ በበሩ ዞራ ደሴ ግቢ ገባች። ደሴ ቆሞ ተቀበላት፣ ወንበር አቀረበላት፣ ከቆሰበር ድረስ በመድከሟ አዘነ።

«መሳፍንት ወንድሜ ማለት ነበር» አለ። «አስማረም ልጅ ነው፤ ንዴት ነው እንጂ ክፋት የለውም። እኔ ዋስ መሆን ቢቻል እሆን ነበር።»

እንቁ ግቢውን እያየች ነው። አጥሩ ስር የጭስ ጥቀርሻ ያለበት የጭቃ ግድግዳ ቆሟል፤ ጣሪያ የለውም። አዲሱ ማድ ቤት ግቢው መጨረሻ ላይ፣ ከውሻው ቤት በኋላ ነው።

«ማድ ቤቱን አዛወሩት?»

«ጭሱ እነ መሳፍንትን አስቸገረ፤ ጎረቤት መሆን ቀላል አይደለም።»

«ክብሪት አለዎት?»

«እዚህ ክብሪት የለም» አለ ደሴ፤ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰው።

መስኮቱ ላይ፣ ከሚስማሩ ጎን፣ ለሽያጭ የቀረበ ክብሪት እንደ ጡብ ተደርድሯል። እንቁ አየችው፤ ደሴም ስታየው አየ። ሁለቱም ስለ ክብሪት ደግመው አላነሡም።

ከሰዓት በኋላ ሳጅን ምንይችል አስማረን ወደ ድንኳኑ አመጣው።  እታለማሁ ወንድሟን አየችውና ቦታ ለቀቀችለት፤ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። አቶ ውዱ ምሰሶውን ተደግፈዋል። ደሴ እንደ ልማዱ ከፊት ነው።

እንቁ ባልዲ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ሰድዳ ጥቂት ውኃ አስወጣች። መሳፍንት ከሞተ ወዲህ ከዚያ ጉድጓድ የቀዳ ሰው አልነበረም። ከድንኳኑ ራቅ ብላ፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ከባልዲው ላይ በጣሳ ጨልፋ ድንጋይ ላይ አፈሰሰችና ሳጅኑን «ለኩሰው» አለችው።

«ውኃውን?»

«ውኃውን።»

ሳጅኑ ክብሪት ጫረና ወረወረ። ድንጋዩ ላይ ያለው ውኃ ነደደ። ሰማያዊ ነበልባል ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ጠፋ። ወሬው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እግር አወጣ፤ አዲስ ቅዳም ከተማ ሲደርስ ዳንግላ ላይ ወንዝ ተቃጥሎ ዓሣው ተጠብሶ ወጣ ተብሏል። 

«መሳፍንትን የሰው እጅ አልነካውም» አለች እንቁ ተመልሳ። «ውኃም አልዋጠውም። የገደለው አየር ነው። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ውኃ ከታች ይተኛል። መጀመሪያ ያሰክራል። የማይዘፍነውን ሰው ያዘፍናል፣ የሞተ ፈረስ ያስቆላምጣል፣ የወገብ ገመድ ያስፈታል። ከዚያ ያስተኛል። ሲወድቅ ግንባሩን ድንጋይ መታው። አስማረ፣ ያን ጊዜ ልታወጣው ብትወርድ ኖሮ የተቀበራችሁት ሁለት በሆናችሁ ነበር።»

አስማረ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ውኃው ግን ተመርምሯል» አለ ከለቀስተኛው አንዱ። «ንጹሕ ነው ተብሎ ነበር።»

«ልክ ነው፤ ያን ቀን ንጹሕ ነበር። ሁላችሁንም ያሳሳታችሁ እሱ ነው። መርማሪው የመጣው በነሐሴ ነው። ቤንዚን ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። በበጋ የመሬት ውኃ ሲወርድ ቤንዚኑም እየተከተለ ይወርዳል፤ የሚያልፍበትን አፈር ሁሉ እየቀባ። በክረምት ውኃው ተመልሶ ይወጣል፤ ቤንዚኑ ግን ሁሉም አብሮት አይወጣም። አብዛኛው አፈሩ መሃል ተጣብቆ ይቀራል፤ ውኃው ከላይ መጥቶ ይሸፍነዋል። ያኔ ከአፉ ላይ በጣሳ የሚቀዳ ሰው የሚያገኘው አዲስ የዝናብ ውኃ ነው። ይጣፍጣል። ጉድጓዱ ዳነ ይባላል። በጋ ሲመጣ ውኃው ይሸሻል፣ አፈሩ የያዘውን ይለቃል፣ ወደ ጉድጓዱ ያንጠባጥባል። ዘንድሮ ውኃው እስከ ዛሬ ወርዶ የማያውቅበት ድረስ ወረደ፤ ስለዚህ ተለቅቆ የማያውቀው ሁሉ ተለቀቀ። መሳፍንት የወረደው በዓመቱ ክፉ ወር፣ በዓመታቱ ክፉ ዓመት ነው።»

«ቤንዚኑ ከየት መጣ?» አለ ሳጅን ምንይችል።

«ይህን ከእኔ ይልቅ አስማረ ያውቀዋል። አስማረ፣ ማደያው ከፋሲካ ወዲህ ደርቋል። ባጃጅህ የቆመችበት ቀን አለ?»

አስማረ እህቱን አየ። «የለም።»

«ከየት ትቀዳለህ?»

መልሱን የማያውቅ ሰው ድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። ሳጅኑ ራሱ ሞተር ብስክሌቱን አስታወሰና ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ከጋሽ ደሴ፣ በድብቅ» አለ አስማረ።

«የጉድጓዱ ግድግዳ የጠቆረው ወደ እሳቸው ቤት ባለው ጎን ነው» አለች እንቁ። «ጌሾውም የደረቀው በዚያው ትይዩ ነው። አባባ ውዱ ካቻምና ከዳገቱ ላይ ለሽንት ቤት የተባለ ጉድጓድ ቆፈሩ። ያን የሚያህል ጉድጓድ ተከድኖ ሲቀር ውስጡ የተቀበረ ነገር አለ፤ ነገ ሲቆፈር የብረት በርሜል ይሁን ታንከር ሁላችሁም ታዩታላችሁ። የእታለማሁ ውኃ መሽተት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ማድ ቤቱም ከአጥሩ ስር የሸሸው ከዚያ ወዲህ ነው።»

ደሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ ብረት መሬት ውስጥ ይበላል። ሰው መሬት ስር ያለውን በምን ያውቃል? አሁን ከእርስዎ መስማቴ ነው።»

«እኔም እንዲያ ቢሆን ብዬ ነበር። ባለማወቅ ያፈሰሰ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ ገዳይ ግን አይደለም።» ፊቷ እንደዚያው ነው። «ባትሪው ነው ያስቸገረኝ።»

«የሰጠኋቸው በደግነት ነው።»

«ባትሪ ደግ ነገር ነው፤ ግን አይተነፍስም። ጧፍ ትንፋሽ ሲያጣ ይሞታል፣ እኛም እንማራለን። ባትሪው መሳፍንት ሲሞት አልጠፋም፤ ሬሳው ሲወጣም ይበራ ነበር። ያን ቀን ጧፉ ተለኩሷል፣ ጣሳው ላይ ቆሟል፣ ሊወርድ ነው። ያኔ አንድ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ ለለቅሶ እንኳ በበሩ ዞሮ የሚገባ ሰው፣ አጥር ዘለለ። ባትሪ ለማዋስ ማንም አጥር አይዘልም። ሰው እንዲያ የሚዘልለው እሳት ሲያይ ነው። ጋሽ ደሴ፣ ያ ጧፍ ታች ቢደርስ ምን እንደሚሆን ከሁሉም ሰው በፊት አውቀዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንዳለ አውቀዋል።»

ንፍሮ የሚያዞረው ሰው ባለበት ቆመ። ደሴ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ሲናገር ድምፁ የእድር ስብሰባ የሚመራበት ድምፅ ነበር።

«ታንከሩ እየጎደለ መሆኑን ካቻምና ነው ያወቅኩት። የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር፤ ኋላ ጉድጓዱ ሸተተ ሲሉ ገባኝ። ነሐሴ ላይ ንጹሕ ነው ሲባል ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር አጠበልኝ ብዬ ነበር። ያን ቀን ጧፉን ሳይ ግን... ቢወርድ ሰፈሩ ሁሉ ይነድ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ይኸ ድንኳን ያለበት፣ የእኔ ቤት፣ የእታለማሁ ቤት። እኔ እሳቱን ነው ያጠፋሁት።»

«እሳቱን ማጥፋትዎ ልክ ነው። የቀረዎት 'አትውረድ' ማለት ብቻ ነበር።»

«'ለምን?' ይለኝ ነበር» አለ ደሴ።

ሰው ሁሉ ሰማው። አቶ ውዱ በአውኝ ቋንቋ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ እርግማን ይሁን ጸሎት የጠየቃቸው የለም።

«አፍንጫ አለው፤ ሲሸተው ይወጣል ብዬ ነበር» አለ ደሴ ደግሞ፤ ለማን እንደሚናገር ግን አይታወቅም። «ሲዘፍን ሰማሁት። ደህና ነው አልኩ።»

እታለማሁ ቀና ብላ አየችው። ሰውየው ድንኳን ያስጣለላት፣ ባሏን የተሸከመላት ነው።  ሳጅን ምንይችል ከአስማረ እጅ ካቴናውን ፈታ፣ ደሴ ላይ አሰረው። ደሴ ሲነሣ ከልማዱ የተነሣ አግዳሚውን አስተካክሎ ነው የሄደው።

ለቀስተኛው ሲበተን እንቁ እታለማሁ ዘንድ መጣች። እህትና ወንድም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አይነጋገሩም፣ አይተያዩም፤ ትከሻቸው ግን ተነካክቷል።

«ዝናቡ ሲገባ» አለች እታለማሁ፣ «ውኃው ተመልሶ ይጣፍጣል?»

«ይጣፍጣል» አለች እንቁ። «አትጠጪው። ለልብስም አትቅጂው።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ የሰው ነገር ነው የምመረምረው፣ እህቴ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ይመጣሉ፤ በግንቦትም በነሐሴም እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ።»

ደሴ ግቢ ተቆፍሮ ታንከሩ ወጣ፤ ሆዱ በዝገት ተወግቶ እንደ ወንፊት ሆኗል። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ሳይሰስት መጣ። የዳንግላ ጉድጓድ ሁሉ ሞላ። የመሳፍንት ጉድጓድም ሞላ፤ ውኃው ጠራ፣ ሽታው ጠፋ። አንዳንዱ ሰው እየመጣ አጎንብሶ ያየው ነበር፤ አይቶ ሳይቀዳ ይሄዳል።

አንድ ቀን ዶፉ ሲወርድ እታለማሁ ሁለት ጀሪካን ይዛ ቦኖ ሄደች። አስማረ ባጃጁን ትቶ አብሯት ቆመ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ቅደሚ አሏት፤ እሷ ግን እምቢ ብላ መጨረሻ ላይ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ከቁልቁለቱ አንዲት ጎረቤት ጀሪካን ይዛ መጣችና ከእሷ ኋላ ቆመች። ግቢዋ ውስጥ ሞልቶ የጠራ ጉድጓድ ያላት ሴት ናት፤ መጥራቱን ግን አላመነችውም። ቀጥሎ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ የሰፈሩ ግማሽ። ዝናቡ ያወርደዋል፣ መንገዱ ጎርፍ ሆኗል፣ ሰው ሁሉ በስብሷል፤ ሰማይ ሙሉ ውኃ ራሳቸው ላይ እየፈሰሰ ውኃ ለመቅዳት ወረፋ ይጠብቃሉ። ይህን ለማንም ቢናገሩት አያምንም። ወረፋው ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ማንም ደግሞ ወደ ቤቱ አልተመለሰም።